የተራ አስከባሪው እግር

የጋሼ ኑሬን ሞት የነገረኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ሻይ እየቀዳሁ ነበር። «አስቴር፣ ጋሼ ኑሬ ጠዋት ሞተ፤ ልቡ ነው አሉ» ብሎኝ ሻዩን እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ ሳይሆን ንዴት ነው። በማን እንደተናደድኩ ዛሬም አላውቅም። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ወደ መናኸሪያው በር ወጣሁ። መኪናው ይጮሃል፣ ረዳቱ ይጮሃል፣ ሰዉ ዶሮውንና ዘንቢሉን ታቅፎ ይራኮታል። ሁሉም እንደ ወትሮው ነው። «እስቲ ዝም በሉ!» ብዬ ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ እሱ ራሱ ትዝ አለኝ፤ ዝም ያለ መናኸሪያ ቢያይ ኖሮ ነበር የሚያለቅሰው። ተመልሼ ገባሁና ሻይ ቤቱን ዘጋሁ።

የሆሳዕናን መናኸሪያ የረገጠ ሰው ጋሼ ኑሬን ያውቀዋል። ተራ አስከባሪ ነበር። ወደ ዱራሜ፣ ወደ አንጋጫ፣ ወደ ዳምቦያ የሚሄዱትን መኪኖች ተራ የሚያሲዝ፣ ተሳፋሪ የሚጠራ፣ የሞላውን መኪና ጎኑን መታ መታ አድርጎ የሚሸኝ እሱ ነው። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ከንፋስ ጋር የሚታገል ይመስላል፤ ድምፁ ግን የሦስት ሰው ነው። «ዱራሜ! ዱራሜ! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» ይላል። መኪናው ባዶ ሆኖ፣ ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ተጋድሞ እያንኮራፋ እንኳ የቀረው ሁለት ሰው ነው። አንድ ቀን ከሌሞ የመጡ እናት ገብተው ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆኖ ቢያገኙት «ሌላው ሰው የታለ?» ብለው ተቆጡ። «እማማ፣ አንደኛዋ እርስዎ ነዎት፤ ሁለተኛውን አብረን እንፈልጋለን» አላቸው። ሴትዮዋ እየሳቁ ተቀመጡ። እንዲህ ነበር፤ ዋሽቶም አያስቀይምም።

እኔ ሻይ ቤቴ ከመናኸሪያው በር አጠገብ ነው። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ጴንጤ። «አንቺ ጴንጤ፣ ሻይ!» ሲለኝ «አንተ መካን ያላየህ ሐጂ፣ ጠብቅ!» እለዋለሁ። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ ግን አንቱ ያለው ሰው ወየውለት። «አንቱ የሚባለው የተቀመጠ ሰው ነው» ይላል። እሱ ደግሞ አይቀመጥም። ሻዩን ቆሞ፣ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ ነው የሚጠጣው፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ አንድ ሚኒባስ ያለ ተራው ሲገባ ያያል፣ ብርጭቆውን ያገኘበት ያስቀምጣል፣ ሮጠ። ቁጭ በል ብዬ ስለምነው ያችን አባባሉን ያመጣታል፦ «ተቀምጦ የሚሞላ መኪና ብቻ ነው፤ ሰው ሲቀመጥ ይጎድላል።» ሚስቱ ከሞተች በኋላ ይሄ አለመቀመጡ ባሰበት። ቤት ውስጥ ማንም የሚጠብቀው አልነበረም።

ስኳር እንዳለበት የታወቀው ካረጀ ወዲህ ነው። ውሃ ሲጠጣ አይረካም፣ ሱሪው ሰፋው፤ ተመርምሮ መጣና «ደሜ ውስጥ ስኳር ተገኘ አሉኝ፤ ያስገባሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሻይ ተጣላን። ያለ ስኳር ስሰጠው «ይሄማ የታመመ ውሃ ነው!» ይላል። ዞር ስል ከጎኑ ካለው ሰው ብርጭቆ ይጎነጫል። ኪኒኑን አንድ ቀን ይውጣል፣ አንድ ቀን ይረሳል። ብቻ አይተኛም፣ አይተክዝም፣ ይሮጣል፤ ታዲያ ማን ታመመ ይበለው?

ነገሩ የተጀመረው በቆርኪ ነው። አዎ፣ በለስላሳ ቆርኪ። አንድ ማለዳ ወለሌን አጥቤ ሳልጨርስ እሱ ገብቶ ወጣ፤ ዞር ስል በሲሚንቶው ላይ ቀይ የእግር ምልክት አለ። «ጋሼ! ምንድን ነው ይሄ? ና ተመለስ!» አልኩት። የት ይሰማል! እጁን ጎትቼ አመጣሁት፣ ጫማውን አስወለቅኩት። ጫማው ውስጥ ቆርኪ አለ፤ ጥርሱ ከአውራ ጣቱ ሥር እግሩ ውስጥ ገብቶ ተጣብቋል። ከመቼ ጀምሮ እንደረገጠው ፈጣሪ ይወቅ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ ቆርኪውን ነቅሎ፣ አገላብጦ አየና ሳቀ። «ጭራሽ አልተሰማኝም እኮ! አየሽ አስቱ፣ የኔ እግር ብረት ነው!» አለ። አውጥቶም ለሹፌሮቹ አሳያቸው፤ ሁሉም አደነቁት።

እኛ አገር ችግሩ ይሄ ነው። የማያም ነገር በሽታ አይባልም። ሰው የሚተኛው ሲያቃስት ነው፤ የማያቃስት ሰው ሐኪም ቤት ከሄደ «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል። ስለዚህ ቁስሉ ሲሰፋ፣ ዳሩ ሲነጣ፣ መናኸሪያው በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ፌጦ በሎሚ ለውሰህ ለጥፍበት ይላል። አንዱ የቡና ዱቄት ደሙን ያደርቀዋል ይላል። አንድ ሽማግሌ የተነጠረ ቅቤ አሙቀህ አንጠባጥብበት አሉት። አንዱ ሹፌር ደግሞ፣ አፉን ይቁረጠውና፣ «የባትሪ ውሃ ጠብ አድርግበት፣ ሁሉንም ይገድላል» አለ። «አንተንም ይገድልህ!» ብዬ በጨርቅ አባረርኩት። እኔም ከሰው አልተለየሁም፤ ማር አመጣሁ። ጋሼ ኑሬ ሁሉንም በየተራ ሞከረ። መቼም ተራ ማስከበር ሥራው ነው።

በመጨረሻ ሸሚዙን ይዤ ሆስፒታል ወሰድኩት። የቁስል ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሲስተር ምሕረት የምትባል ነርስ አለች፤ አጭር፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ፣ ግን አንዴ ከተናገረች የማትመለስ። እግሩን አጥባ ያንን ሁሉ ቅባትና ዱቄት ስታወጣ ምንም አላለችም። ማሩ ላይ ስትደርስ ብቻ «ከገበያ ነው የመጣው? ገበያ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮት አለ» አለች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ አንድ ቀጭን የናይለን ክር አነሳችና «ዓይንዎን ይጨፍኑ። እግርዎን ስነካዎት አቤት ይበሉ» አለችው።

ጨፈነ። እሷ በክሩ ጫፍ አውራ ጣቱን ነካችው፣ ሌሎቹን ጣቶች ነካች፣ ተረከዙን፣ መሐል እግሩን። ክሩ እየታጠፈ አየዋለሁ። እሱ ፊቱን ወደ ጣራ አድርጎ ይጠብቃል። ጠበቀ፣ ጠበቀና ተሰላቸ። «ጀምሪ እንጂ ልጄ! ተራ የሚጠብቅ መኪና አለኝ!» አላት።

«ጨርሻለሁ፣ አቶ ኑሬ» አለችው።

ዓይኑን ገለጠ። ክሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እግሩን አየ። ሲስተር ምሕረት ቀስ ብላ አስረዳችው፦ ስኳሩ ነርቩን ገድሎታል፤ እግሩ ቢቆረጥ፣ ቢቃጠል፣ ሚስማር ቢገባበት አይነግረውም፤ ስለዚህ በስሜቱ ምትክ ዓይኑ ይሥራ፤ በየቀኑ መርገጫውን ይይ፣ በየቀኑ ጫማውን በእጁ ዳብሶ ያድርግ። የሞተውን ሥጋ እሷ ታነሳለታለች፣ የማመርቀዙን መድኃኒት ይውጣል፣ ስኳሩን ያወርዳል፣ ፋሻው ደረቅ ይሁን። «ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ነው። በዚህ እግር አይቆሙበትም። መድኃኒቱ መቀመጥ ነው» አለችው።

«ሌላ መድኃኒት የለም?» አላት። ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ።

አንድ አግዳሚ ወንበር ሻይ ቤቴ በር ላይ አወጣሁለት፤ እግሩን በጀሪካን ላይ ሰቅሎ ከዚያ ሆኖ ይጣራል። ለጥቂት ቀን ሠራ። ሆስፒታል ሲመላለስ ግን ሲስተር ምሕረት ፋሻውን በፈታች ቁጥር ረጥቦ ታገኘዋለች። «ማን ነው የሚፈታው?» ትለዋለች፤ እሱ መስኮቱን ያያል። እኔ ደርሼበታለሁ። ለእያንዳንዱ ሶላት ውዱእ ሲያደርግ ፋሻውን ይፈታል፣ እግሩን ከነቁስሉ በውሃ ያጥባል፣ መልሶ በዚያው እርጥብ ፋሻ ያስረዋል። በቀን አምስት ጊዜ! «ጋሼ፣ አብደሃል?» ስለው «አንቺ እግርሽን በካልሲ ላይ ነው የምታጥቢው? ሳልታጠብ ፈጣሪዬ ፊት ልቁም?» ብሎ ተቆጣኝ። በሃይማኖት የመጣ ሰው ምን ይመለሳል? ለሲስተር ምሕረት ነገርኳት። እሷም ጴንጤ ናት። አሰብ አደረገችና «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፤ ኢማሙን ጠይቂ» አለችኝ።

ሄድኩ። ራሴን ተከናንቤ መስጊዱ በር ላይ ቆሜ ኢማሙን አስጠራሁ። ወጡ። «የቆሰለ ሰው ፋሻውን ሳይፈታ መታጠብ ይችላል ወይ?» አልኳቸው። «ልትሰልሚ ነው እንዴ?» አሉኝ እየሳቁ። ነገሩን ስነግራቸው ሳቃቸው ጠፋ። ከሶላት በኋላ ራሳቸው ሻይ ቤቴ መጡ፤ ጋሼ ኑሬ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ «አንጋጫ! አንጋጫ!» ይላል። «ኑሬ፣ ፋሻው ላይ በእርጥብ እጅህ ማበስ በቂ ነው። ያላዘዘህን ነገር ጨምረህ ለአላህ ተራ የምታስከብር አንተ ማን ነህ?» አሉት። በሰው ፊት ነው። ጋሼ ኑሬ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ ፋሻው ደረቀ፤ ቁስሉም ከዳሩ እየቀላ፣ እየጠበበ መጣ። ሲስተር ምሕረት አንድ ቀን ፈገግ ስትል አየኋት፣ እኔም በደስታ ለሷ ዳቦ ላክሁላት።

አቤት፣ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ! የእህቱ የዘይነባ ልጅ ሠርግ መጣ። ዘይነባ ታላቁ ናት፤ ሌሞ ገጠር ነው የምትኖረው፤ እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት። አትሂድ አልኩት። «የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ አጎት ከቀረ እኮ ሞቷል ማለት ነው» አለኝ። ቢያንስ ተቀመጥ አልኩት። «በአላህ ስም እቀመጣለሁ» አለና በፈረስ ጋሪ ሄደ። የት ሊቀመጥ! ሲያስተናግድ፣ እንግዳ ሲቀበል፣ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራውን አተካና ለሽማግሌዎች ሲያቀርብ፣ ቆሞ ዋለ። ሲመሽ ዘይነባ ፋሻው መቆሸሹን አየችና አዘነች። በነሱ ዘንድ ከመንገድ የመጣ የተከበረ ሰው እግሩ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። ውሃው ሲሞቅ ክብሩም ይጨምራል። ጨውም ጨመረችበት፤ ጨው ቁስል ያደርቃል ይባላል። ወንድሟን አስቀመጠችና እግሩን ሳፋው ውስጥ ከተተችው። «ሞቀህ?» አለችው። «ምንም አይል፤ ጨምሪበት» አላት። ጨመረች። «አሁንስ?» «ጨምሪ እህቴ፤ ክፉ አይደለም።» የሚንተከተክ ውሃ ጨመረች። እሱ ደስ ብሎት ስለ ሙሽራው ያወራል።

ይሄን ያወራችልኝ ራሷ ዘይነባ ናት። ስታወራው ሁለት እጇን እያየች ነው።

ጠዋት እግሩ ውሃ ቋጥሮ፣ ቆዳው ተልጦ ተገኘ። ሲስተር ምሕረት እንዳታየው አፈረ። አንድ መድኃኒት አዋቂ የደረቀ ቅጠል ወቅጦ ነሰነሰለት፣ በእንሰት ቅጠል አስሮ ካልሲ አለበሰው። መናኸሪያው ተመለሰ፤ እግርህስ ስለው «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ይለኛል፤ አሁን ግን ወደ ውስጥ አይገባም፣ ከሩቅ ነው የሚያወራኝ። አንድ ቀን ንፋሱ ወደ እኔ ነፈሰና ሸተተኝ። የሥጋ ሽታ። ስጠጋው እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ግንባሩ እሳት ነው። «አንተ ሰውዬ ምን አድርገሃል!» ብዬ ጮህኩ። ባጃጅ ላይ ጣልነው።

ሆስፒታል ውስጥ ካልሲው ሲወልቅ ሲስተር ምሕረት አፏን በክንዷ ያዘች፤ ከሽታው አይደለም። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠቁሯል። ሐኪሙ መጣ፣ አየ፣ ነካካ፣ ቁርጥ አድርጎ ተናገረ፦ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት፤ መመረዙ ወደ ደሙ እየሄደ ነው፤ ከዛሬ ካለፈ ሰውዬውንም አናገኘውም።

«አይሆንም» አለ ጋሼ ኑሬ። «ከነእግሬ ቅበሩኝ። ተራ አስከባሪ በአንድ እግር? ሳልቆም ልኑር? አይሆንም!»

ሐኪሙ ለመነው። ኢማሙ መጥተው ነፍስን ማዳን ግዴታ ነው አሉት። እኔ ደግሞ መለመን አልችልበትም፣ ሰደብኩት። «እግርህን ማን ፈለገው? እኛ አንተን ነው የምንፈልገው፣ አንተ ድርቅ ያልክ!» ብዬው ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ወዲያ ወዲህ እላለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ሰዓቱ ይሄዳል። ሲስተር ምሕረት ትወጣለች፣ ታየኛለች፣ ራሷን ነቅንቃ ትገባለች። ፊርማው የሱ ነው፣ ማን ይፈርምለት?

ከሰዓት ላይ ዘይነባ ከሌሞ ደረሰች። ነጠላዋ በጭቃ ተበላሽቷል። አልጋው ሥር ወደቀች። «እኔ ነኝ! በእጄ ነው የቀቀልኩህ! በእጄ አሳድጌ በእጄ ገደልኩህ!» እያለች ደረቷን መታች። በሀድይኛ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው በሽተኛ ሁሉ ቀና አለ። ጋሼ ኑሬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰ፤ እጁን ራሷ ላይ አደረገ።

«እኔ ከሞትኩ፣» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይቺ ሴት ወንድሟን ገደለች ይባላል። ዕድሜዋን ሙሉ ይሄን ይዛ ልትኖር ነው። ጥሪልኝ ሐኪሙን። ይቁረጡት።»

ተቆረጠ። ተረፈ።

አሁን የሚመጣውን ሳስበው እየሳቅኩ ነው የማለቅሰው። የሰው አካል በከንቱ አይጣልም፤ ይቀበራል። ዘመዶቹ እግሩን ተረክበው በነጭ ጨርቅ ገነዙትና ሌሞ፣ የአባቱ መቃብር አጠገብ ሊቀብሩት በፈረስ ጋሪ ይዘውት ሄዱ። ዘይነባ ከኋላ እያለቀሰች ትከተላለች፣ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይከተላሉ። በመንገድ ያገኛቸው ሰው ነጩን ጨርቅ አየ፣ ዘይነባን አየ። ያዘነን ሰው «ማን ሞተባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ስለዚህ ማንም አልጠየቀም። ኮፍያውን አውልቆ ያሳልፋቸዋል፤ ከዚያ ሄዶ ያወራል። ገበያ ሲውል ወሬው ዳምቦያ ገባ፣ ሀቢቾ ደረሰ፦ ተራ አስከባሪው ኑሬ ተቀበረ!

ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ የገባ ዕለት ነው፤ አልጋው ላይ አጋድሜው የታመመ ውሃውን እየሰጠሁት ነበር። ውጭ መኪና ቆመ፣ ከዚያ ልቅሶው! «ወይ ኑሬ! ወይ የመንገደኛው አባት! ማን ይጥራን፣ ማን ያሳፍረን!» አንድ ሙሉ ሚኒባስ ለቀስተኛ ከሀቢቾ መጥቷል። በድንጋጤ ልሮጥ ስል እጄን ያዘኝ። «ቁጭ በይ! እስቲ ልስማ ምን እንደሚሉኝ!» አለኝ። ሰማ። ደግነቱን አነሱ፣ ድምፁን አነሱ፤ አንዷ በሱ ጊዜ መኪና ሳልሳፈር ያደርኩበት ቀን የለም ብላ አለቀሰች። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ አንዱ «ብቻ ውሸታም ነበር፣ ነፍሱን ይማረው» ሲል አልቻለም። ሳንባውን ሞላና፦

«ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!»

ግቢው ተተራመሰ። አንዷ አጥር ዘለለች። አንድ ሽማግሌ ቢስሚላህ እያሉ ዱላቸውን ጥለው ሮጡ። እስኪረጋጉ ድረስ እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ በሳቅ ሞቻለሁ። ተራ በተራ ገብተው ሲያቅፉት፣ ሲዳብሱት፣ ሲያለቅሱ፣ ሲስቁ ቤቱ ሞላ። ያኔ በእጁ አልጋውን መታ መታ አደረገና ዝም አሰኛቸው። «ቀብራችሁኛል አይደል? የሟች ኑዛዜ ይከበራል» አለ። ብርድ ልብሱን ገልጦ የተቆረጠውን አሳያቸው። «ይሄ ሳያመኝ ነው የሄደው። ስኳር ያለበት ሁሉ እግሩን ያሳየኝ። አሁን።»

ጫማቸውን መቼም በሩ ላይ አውልቀው ነው የገቡት። እየተሳሳቁ መርገጫቸውን አዞሩለት። እሱ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። «ያ ውጭ የቆመው ማን ነው? ለምን አይገባም?» አለ።

ደገፈ ነበር፣ ለቀስተኞቹን ያመጣው ሹፌር። የዱራሜ ልጅ ነው፣ ከጋሼ ኑሬ ጋር ሲጨቃጨቅ ነው ያደገው። እሱም ስኳር አለበት፣ ያለ ስኳር ሻይ የምሰጠው ሌላው ሰው ነው። «እዚሁ ይሻለኛል፤ መኪናውን ልጠብቅ» አለ ከደጅ።

«ደገፈ፣ ግባ።»

«ጋሼ፣ ጫማዬ ጭቃ ነው።»

«አውልቀውና ግባ!» ያ የመናኸሪያ ድምፅ ነው። ደገፈ ገባ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲው አልወልቅ አለ፤ ተጣብቋል። ጋሼ ኑሬ ቀኝ እግሩን ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳበው። ከትንሿ ጣት ሥር ቁስል አለ፣ ላዩ ላይ የተወቀጠ ቅጠል። ከመንገድ እንዳያወርዱኝ ብዬ ነው የደበቅሁት አለ ደገፈ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«ያምሃል?» አለው ጋሼ ኑሬ።

«ኧረ ምንም አያመኝም ጋሼ!» አለ ደገፈ፣ ፈገግ ብሎ።

ጋሼ ኑሬ የዚያን ልጅ እግር ደረቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እግሩ ሲቆረጥ አላለቀሰም፣ ያኔ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ጠረገና «አስቴር፣ ባጃጅ ጥሪ» አለኝ። ለቀስተኞቹን እዚያው ጥሎ፣ ገና ያልለመደውን ክራንች ተደግፎ፣ እየወደቀ እየተነሳ አብሮት ሄደ። ሲስተር ምሕረት ቅጠሉን አጥባ አየችው። «ይሄ ገና ነው፤ ይድናል» አለች። «ከተቀመጠ።»

«ይቀመጣል» አለ ጋሼ ኑሬ። «የኔን ቀብረናል። የሱን አንቀብርም።»

ክረምቱን ሙሉ ሁለቱ ሻይ ቤቴ በር ላይ፣ በዚያች አግዳሚ ላይ ዋሉ። ደገፈ ልነሳ ሲል ጋሼ ኑሬ ክራንቹን በደረቱ ላይ ያጋድምበታል። ልጁ ይነጫነጫል፣ ሰው መኪናዬን እየነዳብኝ ነው ይላል፣ ይሳደባል፤ ጋሼ ኑሬ ንቅንቅ አይልም። ያንን መቀመጥ የማያውቅ ሰው ጎኑ ተቀምጦ ሲጠብቀው እያየሁ ስንት ጊዜ ጓዳ ገብቼ እንዳለቀስኩ። ቁስሉ ድኖ ፋሻው የተፈታ ቀን ሲስተር ምሕረት ደገፈን በራሷ እጅ አዲስ ጫማ አጫማችው። ደገፈ ዛሬም የዱራሜን መስመር ይነዳል፤ ፍሬን የሚረግጥበት እግር የገዛ እግሩ ነው።